የኢንጂነሩ ሳህን

ዝናቡ የጣለው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከግቢያችን በላይ ያለው የመንገድ ቦይ በላስቲክና በቅጠል ተደፍኖ ስለነበር ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ የጓሮውን አጥር ገፍቶ ጣለና ገባ። ከገባ በኋላ እንደማንኛውም ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ፈለገ፤ በግቢያችን ደግሞ ከመዋኛ ገንዳው የበለጠ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ሃያ አምስት ሜትር ርዝመት፣ አሥራ ሁለት ሜትር ወርድ፣ በጥልቁ ጫፍ ሦስት ሜትር የሚወርድ ገንዳ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። መሐሉ ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሰው እንደሚጠብቅ፣ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል።

ገንዳውን ለሃያ ሁለት ዓመት የያዘው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ግቢው በሙሉ «ጋሽ ክሎሪን» ይለዋል፤ የትም ቢሄድ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነውና። የዚህ ግቢ ልጆች ግማሹ ዋና የተማሩት በእሱ ጩኸት ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

እኔ የስድስቱ ሕንፃዎች የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ኮሌጅ የጨረሰና ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ሲፈለግ በዚያ ቀን ከስብሰባው ሳልቀር በመገኘቴ ተመረጥኩ። የአጎቴ ጉዳይ በሚነሳበት ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ መሆን ቀላል ስላልሆነ፣ ለማንም ላለማድላት ከሚገባው በላይ እጠነቀቃለሁ። የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭም ይኸው ጥንቃቄዬ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ድሮ የልብስ ማጠቢያ በነበረው ክፍል ተሰበሰብን። ሊቀመንበራችን ኢንጂነሩ ነው። ኢንጂነር አይደለም፤ የሴራሚክ ሱቅ አለው። ግን የማንንም ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት ወለሉን አጎንብሶ ስለሚያይና «ይሄን ማን ነው የሠራላችሁ?» ስለሚል ስሙ በዚያው ጸና። መጥፎ ሰው አይደለም። መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ ሲያቆም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፍቀውበታል፤ ሦስቱንም ጊዜ የፋቀው ሰው አልተገኘም። እንዲህ የደረሰበት ሰው የመኪና ማቆሚያ ቢመኝ አይፈረድበትም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «ፓምፕ አምጥተን ውሃውን ሙልጭ አድርገን እናወጣለን፣ ጭቃውን በአካፋ እንዝቃለን፣ አለቀ።»

«ባዶ ማድረግማ አይሆንም» አለ አጎቴ።

«ለምን አይሆንም?»

«መሬቱ ውሃ ጠጥቷል። ከሥር እየገፋ ነው። አሁን ባዶ ካደረግከው ገንዳው ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።»

«ሲሚንቶው ነው የሚነሣው?»

«አዎ፣ ሲሚንቶው።»

«እንደ ጀልባ?»

«እንደ ጀልባ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አጎቴ ልክ መሆኑን ስለማውቅ እጄን አውጥቼ ከምድር በታች ያለ ውሃ ባዶ ገንዳን እንዴት እንደሚገፋ በቁጥር አስረዳሁ። ማብራሪያዬ ሳቁን ሁለት ደቂቃ ያህል አራዘመው።

ያልሳቁት ሲስተር ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ካልተራመዱ ደረጃ መውጣት አይችሉም። «እኔ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው» አሉ። «ገንዳው ከተደፈነ እናንተ ተሸክማችሁ ታወጡኛላችሁ። አሁኑኑ ተራ አውጡ።»

«ሲስተር፣ ማን ጠላው ገንዳውን?» አለ ኢንጂነሩ። «ግን ባዶ አይደረግም ከተባለ አይጠራም ማለት ነው። ካልጠራ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ከዚያ ይልቅ በአፈር ሞልተን መኪና እናቁምበት፤ አሥራ አምስት መኪና ይይዛል፣ ለክቼዋለሁ። ጋሽ ክሎሪንም ቢሆን ሜዳ ላይ አይወድቅም። የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ይሆናል። ዣንጥላ እንገዛለታለን።»

ይህን ያለው ከልቡ፣ በቸርነት ነው። አጎቴ ግን ዣንጥላ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለ። «ውሃውን ሳላወጣ አጠራዋለሁ። ወለሉን ታየዋለህ።»

«ማየት ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ አየሁ ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል። መለኪያ እንፈልጋለን።»

መለኪያው ሳህን ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። «በአሥራ አራተኛው ቀን እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ፣ በጥልቁ ጫፍ ወለል ላይ የተቀመጠ ነጭ ሳህን ከዳር ለቆመ ሰው በዓይን ከታየ ገንዳው ይቀጥላል፤ ካልታየ ተሞልቶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።» ጮክ ብዬ ሳነበው ማንም ሊያጣምመው የማይችል፣ ለማንም ያላደላ ነገር መስሎ ተሰማኝ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሁለቱም ወገኖች እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ሲሆኑ ሙሉ ድምፅ አይቸግርም።

አጎቴ በዚያው ቀን ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የሚታየውን ነገር በመረብና በሜንጦ አወጣ፤ ቅርንጫፍ፣ ጫማ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ትራስ፣ ሁለት ባልዲ፣ ከነማሰሪያው የልብስ ማስጫ ገመድ። የፓምፑን ሞተር ፈትቶ በርና መስኮት ከፍቶ አደረቀው። እኔም ከሥራ ስመለስ እያገዝኩት ነበር። ሚስቱ በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዛ መጥታ ዳር ላይ ቆመች። «ሃያ ስምንት ዓመት ስንኖር እኔን እንዲህ ትኩር ብለህ አይተኸኝ አታውቅም» አለችው።

«አንቺ ደፍርሰሽ አታውቂማ» አላት ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ። ምሳውን አስቀምጣ እየሳቀች ሄደች።

በአምስተኛው ቀን አሉሙን ገዝቶ አመጣ። አሉም ነጭ ዱቄት ነው፤ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ገንዳው ላይ ሲረጭ የተበተነውን ጭቃ እያያዘ ወደ ታች ያወርደዋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝምታ። ሁለት ቀን ተኩል ያህል ማንም ውሃውን ካልነካው ጭቃው በራሱ ጊዜ ይቀመጣል። ከነኩት ግን እንደገና ይነሣና ከዜሮ ይጀመራል።

አጎቴ ረጨና በየሕንፃው እየዞረ ነገራቸው። «ማንም እንዳይነካው፤ ለእግዚአብሔር ብላችሁ።» ሁሉም እሺ አሉ። የገንዳው ወዳጆች ናቸውና እሺታቸው ከልብ ነበር።

ችግሩም ወዳጅነታቸው ነበር። ገንዳው እንዲተርፍ የሚፈልግ ሁሉ መትረፉን ማረጋገጥ ፈለገ። አንደኛው ጠራ እንደሆን ለማየት ዱላ ሰድዶ ወለሉን ነካካ። አንዷ ማሰሮ በገመድ አውርዳ ናሙና ቀዳች። ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚታይ ሲከራከሩ ጠጠር ወረወሩ። ሦስተኛው ሕንፃ ላይ የሚኖረው ሹፌር ደግሞ አጎቴ ለምሳ ሲሄድ «ትንሽ ልርዳው» ብሎ በመረብ አማሰለው። እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ ነው የነኩት። በስምንተኛው ቀን ውሃው ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ነበር።

«ጋሼ፣ በጎንህ የቆሙት ናቸው እንዲህ የሚያደርጉህ» አልኩት።

«ኢንጂነሩን ተመልከት» አለኝ። «አንድ ቀን እንኳ ጣቱን አላስገባም። እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው የሚያስፈልገኝ።»

በአሥረኛው ቀን አጎቴ የመጨረሻውን አሉም አዘጋጅቶ ውሃውን ሲያማስል ኢንጂነሩ መጣ። ወሬ ደርሶታል። የገንዳው ወዳጆች በመጨረሻው ቀን ሳህኑን በዓሣ ማጥመጃ ክር ከውሃው መሐል አንጠልጥለው ወለል ላይ ነው ሊሉ እንዳሰቡ ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር ሹፌሩ ይህን ሐሳብ አንስቶ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ማጭበርበር የሚባል የለም» አለ ኢንጂነሩ። በአንድ እጁ ትልቅ ጓጉንቸር፣ በሌላው ነጭ ሳህን ይዟል። የሚስቱ ሳህን ነው፤ ከስድስቱ አንዱ። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ፈርሟል። «ሳህኑን እኔ ራሴ አስቀምጣለሁ፣ በሩን እኔ ራሴ እቆልፋለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ያድራል። እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ማንም፣ አንተም ጭምር፣ አይገባም። ተስማማህ?»

አጎቴ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሁለት ቀን ተኩል ዝምታ ሲለምን የከረመው ሰው አራት ቀን ሊሰጠው ነው፤ ያውም በጓጉንቸር። እየፈጠነ የቀረውን አሉም ረጨ፣ ፓምፑን አጠፋ፣ ባልዲዎቹን ሰበሰበ።

«ተስማምቻለሁ» አለ። ፈገግታውን ለመደበቅ ጺሙን እያሻሸ ነበር።

ኢንጂነሩ ሳህኑን በአጎቴ ረጅም መረብ ላይ አድርጎ በጥልቁ ጫፍ አወረደው፤ ወለሉ ሲሰማው ገለበጠው። ከዚያ ከመሰላሉ ጀምሮ የግድግዳውን ሴራሚኮች ቆጥሮ በኪስ ማስታወሻው ጻፈ። እኔም ሰዓቱን ጻፍኩ። ሦስታችንም በየራሳችን ደስ ብሎን ወጣን። አንዳችንም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ገንዳ የጠበቀው ጭምር፣ ምን እንዳደረግን አላሰብንም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። ኢንጂነሩ ጓጉንቸሩን ከፈተ፤ ገባን። ሁሉም ሰው ባንድነት «ውይ!» አለ።

ውሃው የለም ያስብል ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰማያዊ ሴራሚኮች እስከ ታች ድረስ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የመሰላሉ የመጨረሻ ብሎን ሳይቀር ይታያል። ወለሉ ላይ አራት ጣት የሚሆን ቡናማ ጭቃ እንደ ለስላሳ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ሲስተር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ሳህኑስ?» አለ ሹፌሩ።

ሳህን አልነበረም።

በጥልቁ ጫፍ ዙሪያ ሁላችንም ተደረደርን። ከዚህም ከዚያም አየን። ብርድ ልብሱ አንድም ቦታ አልተቀደደም። ለሁለቱም ወገን እኩል ማሰብ ልማዴ ስለሆነ አሰብኩ፤ ሳስብ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ውሃው የጠራው ጭቃው ስለወረደ ነው። ጭቃው የወረደው ቀድሞ ወለሉ ላይ የነበረው ሳህን ላይ ነው። ውሃው በጠራ ቁጥር ሳህኑ እየተቀበረ ሄዷል። እኔ ደግሞ «ሳህኑ ከታየ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ «ውሃው ከጠራ» ብዬ አልጻፍኩም። አጎቴን አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንግዲህ...» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ፣ «ውሳኔው እንደሚለው...»

«ቁልፉ የነበረው ማን ጋ ነው?» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። «አራት ቀን ሙሉ ማን ጋ ነው የነበረው?»

«እኔ ጋ ነዋ!»

«ታዲያ ሳህኑን ማን አወጣው? ቤትህ ወስደህ እየበላህበት ነው!»

«እኔ? ሳህን ልሰርቅ? የራሴን ሳህን?»

«ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ሰው ምን አይሠራም!» አለች ማሰሮ ያወረደችው። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ሳህን ሌባ!» አለ። ኢንጂነሩ ሃያ ዓመት በዚህ ግቢ ሲኖር ብዙ ተብሏል፤ ሌባ ግን ተብሎ አያውቅም።

አጎቴ ነገሩን አስረዳ። ሳህኑ ከጭቃው ሥር ነው፣ ማንም አልወሰደውም አለ። ተቀናቃኙ ስለመሰከረለት ጥርጣሬው ባሰ፤ «ተስማምተው ነው» ያለም ነበር። ሲስተር «ሌላ ሳህን ጣሉና እንገላገል» ሲሉ አጎቴ በተስፋ ቀና አለ። በዚያች ቅጽበት ኢንጂነሩ በአዎንታ ራሱን ቢነቀንቅ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

«በጭራሽ!» አለ ኢንጂነሩ። «ሌላ ሳህን ከተጣለ የእኔ ሳህን የት ገባ ሊባል ነው! የፈረምኩበት ሳህን እዚያ ታች ነው፤ እዚያ ታች መሆኑ ይታያል! ጋሽ ክሎሪን፣ ጭቃውን አንሣው!»

«በእጅ ካነሣሁት ይደፈርሳል፤ ከዚያ ምንም አይታይም። በቱቦ መምጠጥ ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ። ግን ሳህኑ የት እንዳለ ካላወቅሁ እስከ ስድስት ሰዓት አልደርስም።»

ኢንጂነሩ የኪስ ማስታወሻውን አወጣ። ገጹን ገለጠ። «ከመሰላሉ በስተግራ አሥራ ሁለተኛው ሴራሚክ። ከግድግዳው አራት ክንድ።»

አጎቴ ፓምፑን ወደ ውጭው ቦይ አዙሮ አስነሣው። በረጅም ዘንግ ጫፍ ያለውን ጠፍጣፋ መምጠጫ ከዳር ቆሞ አወረደው፤ የተኛ ሰው ጺም የሚላጭ ያህል ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ቱቦው ከባድ ነው፣ ከኋላ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ልይዝ ስል ኢንጂነሩ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። «አንተ አትነካም። ዘመድ ነህ።» ኮቱን አውልቆ ቱቦውን አቀፈው።

አሥራ ሁለተኛው ሴራሚክ ትይዩ ጭቃው ተነሣ። ሰማያዊ ወለል ታየ። ሳህን የለም። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ተኩል።

«በደንብ ቆጥረሃል?» አለ አጎቴ።

«ሴራሚክ? እኔ? ሴራሚክ ተሳስቼ ልቆጥር?»

ግራና ቀኙን አስፍቶ መጠጠ። የለም። አምስት ሰዓት ሆነ። ከኋላ «አይ፣ ጨርሶ ሸጦታል» የሚል ድምፅ መጣ። የኢንጂነሩ ሸሚዝ ከቱቦው በሚፈሰው ጭቃ እስከ ደረቱ ርሷል። ሲስተር ወንበር አስመጥተው ዳር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወለሉን ሲያዩ ቆይተው «ሲገለበጥ ነው የወደቀው አይደል?» አሉ። «ሳህን ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ይንሸራተታል። ወለሉስ ወዴት ነው የሚያዘነብለው?»

አጎቴ ጭንቅላቱን መታ። «ወደ ውሃ ማውረጃው ቀዳዳ!» አለ። «ኧረ እኔ ደደብ!»

«ወደ ማውረጃው!» አለ ኢንጂነሩም። «ሂድ፣ ሂድ፣ ይዤልሃለሁ! ቀስ! ወደ ቀኝ። ያንተ ቀኝ አይደለም፣ የኔ! ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ምን አስቸኮለህ?»

ያስቸኮለው ሰዓቱ ነበር። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መምጠጫው ከማውረጃው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አለፈ፤ ከኋላው ቀጭን፣ ነጭ፣ የጥፍር ቁራጭ የመሰለ ነገር ቀረ። አጎቴ ትንፋሹን ይዞ እንደገና አለፈበት። ግማሽ ክብ ሆነ። ከዚያ ሙሉ ሆነ፤ በፊቱ ተደፍቶ ጀርባው ላይ ያለው ቀይ ፊርማ ሳይቀር ወደ ላይ ያያል።

«ታየ!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «ታየ! ታየ! እዩት፣ የእኔ ፊርማ ነው! ከዳር ሆናችሁ እዩት! አይታይም የሚል አለ? አይታይም የሚል ካለ ይምጣ!»

ሁሉም እየተጋፋ አየ። አይታይም የሚል አልነበረም።

ኢንጂነሩ ዙሪያውን በድል ተመለከተ። ከዚያ ሲስተር ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቸው በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ «ጸሐፊ» አሉ፣ «ሰዓቱን ጻፍ። ማን አየሁ እንዳለም ጻፍ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጻፍኩ። አሥራ አምስቱ መኪናዎች አንድ በአንድ ከኢንጂነሩ ፊት ላይ ሲጠፉ አየሁ። አዘንኩለት። ግን ብዙ አልቆየም፤ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ሳህኑ ከግቢው አልወጣም ነበር ብለህም ጻፍ» አለኝ። «ያን አስምርበት።»

አሰመርኩበት።

ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። ሹፌሩ ሸሚዙን ማውለቅ ያዘ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ጫማቸውን ፈቱ። አጎቴ ዘንጉን አግድም አድርጎ መንገዱን ዘጋ።

«ወዴት ነው?»

«ልንዋኝ ነዋ! ጠርቷል!»

«ማንም አይገባም። ጭቃው አልወጣም፣ ክሎሪኑ አልተስተካከለም፣ ማጣሪያው አልታጠበም። ከአሥር ቀን በኋላ።»

«አሥር ቀን?» አለ ሹፌሩ። «ታዲያ ለምንድን ነው የታገልንልህ? ከዚህ የመኪና ማቆሚያው አይሻልም ነበር?»

«ለራሱ ነው የሚጠብቀው» አለች ማሰሮ ያወረደችው። ከእሷም ጋር ብዙ ሰው ተስማማ። እያጉረመረሙ ወጡ። ሲስተር ብቻ ሲወጡ አጎቴን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አሥር ቀን እታገሣለሁ፤ አሥራ አንደኛውን ግን አልጠብቅም» አሉት።

አጎቴ ዘንጉን መልሶ ውሃ ውስጥ ሰደደ። ፊቱ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላየሁት ዕረፍት ነበር። ከማውረጃው ጀምሮ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወለሉ ላይ መሳብ ጀመረ።

ኢንጂነሩ ቱቦውን እንዳቀፈ ነው። የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ወዲያና ወዲህ አየ።

«አሁን ልልቀቀው?» አለ።

«ትንሽ ያዝልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ወለሉ ሦስት መቶ ካሬ ነው» አለ አጎቴ። «አንተው ለክተኸው የለ?»